ለአባቴ ዐርባ የሕይወት ታሪኩን ልጽፍ ነው፣ ውትድርናውን ምን ብዬ ልጻፍ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። አባባ ካረፈ ዛሬ 26 ቀኑ ነው፣ ለዐርባው የሕይወት ታሪኩን አንቺ ጻፊ ተብዬ ወረቀት ይዤ ቁጭ ብያለሁ። የቤቱን ከሆነ መዓት አለኝ፣ በጡረታ ብር ስድስት ልጅ አሳደገ፣ ዩኒፎርማችንን በከሰል ካውያ የሚተኩስልን ራሱ ነበር፣ እማማ ስትታመም ሰባት ዓመት ሙሉ አጥቦ ያበላት እሱ ነው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ዳዊቱን ሳይደግም ውሃ እንኳን አይቀምስም። የጨነቀኝ ውትድርናው ነው። ሦስተኛ ክፍለ ጦር እንደነበረና ካራማራ ላይ ግራ እግሩን እንደቆሰለ ብቻ ነው የማውቀው፣ ስንጠይቀው "እግዚአብሔር አተረፈኝ" ይልና ወሬ ይቀይራል። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ግን በዛ እግሩ ነው የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ቁልቢ ገብርኤል ድረስ የሚሄደው፣ መኪና እንያዝልህ ስንለው በጭራሽ። አሁን ዳዊቱ ውስጥ ያረጀ ወረቀት አገኘሁ፣ 11 የክርስትና ስም ተጽፎበታል፣ ወልደ ሚካኤል፣ ኃይለ ጊዮርጊስ እያለ ይቀጥላል፣ ከዘመዶቻችን ግን የማንም አይደለም። የጦርነቱን ነገር ከኢንተርኔት ልሙላው እንዴ?

ከዚራ፦
ነፍስ ይማር እህቴ። ከኢንተርኔት አትሙዪው አቦ፣ ያልነገረሽን ነገር በሱ ስም አታንብቢ። ዓመቱን ብቻ በትክክል አስቀምጪ፣ የሶማሊያ ጦር ድሬ ላይ የመጣው ነሐሴ 1969፣ ጅጅጋ የተያዘችው መስከረም 1970፣ ካራማራ ከሶማሊያ ጦር ነፃ የወጣው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። ማዕረጉን ከጡረታ ደብተሩ ቅጂ፣ በቃ።

የመጋላ ልጅ፦
አላህ ያጽናችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጎረቤታችን እንደ አባትሽ የድሮ ወታደር ነበሩ። ያኔ ፍሪጅ ያለው እሳቸው ቤት ብቻ ስለነበር ረመዳን ላይ በዛ ሙቀት ልክ ማፍጠሪያው ሲደርስ በረዶ ይዘው በራችንን ያንኳኩ ነበር፣ አንድ ቀን አላጎደሉም ወላሂ፣ እንዲህ ያለውን ደግሞ ቤተሰባቸው ራሱ አያውቅም ነበር፣ ለቅሶ ላይ እኛ ነን የነገርናቸው። ጎረቤት ጠይቂ።

የ70 ዘማች፦
ልጄ፣ እኔም እዛው ግንባር ነበርኩ። ስሞቹ የጓደኞቹ ይመስሉኛል። እኛ ከውጊያ በፊት የክርስትና ስም እንለዋወጥ ነበር፣ የተረፈው ቄስ ጋ እንዲያስጠራ። ስንቱ ልጅ አገሩ የት እንደሆነ እንኳን ሳንጠይቀው ቀረ፣ ስሙ ብቻ እኛ ጋ አለ። ዝም ማለቱ ረስቶት እንዳይመስልሽ። የነፍስ አባቱን ጠይቂያቸው፣ ንስሐውን አይነግሩሽም፣ የሚያስጠራውን ስም ግን ይነግሩሻል።

የሳቢያን ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ወረቀቱን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ቄሱ አስራ አንዱንም በቃላቸው ጠሩልኝ። በየዓመቱ ከቁልቢ ሲመለስ ያስጠራቸው ነበር አሉኝ፣ እዛው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከስር የአባባን የክርስትና ስም ጻፍኩበት፣ ዐርባው ላይ አብረው ይጠራሉ። ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ያሉትንም ስሞች በውስጥ መስመር ይላኩልኝ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ለቄሱ አደርሳለሁ።