ከቆየ የበረራ ሲሙሌተር ወደ አዲስ ለመሸጋገር ምን ዓይነት ኮምፒውተር ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ አብራሪ ዘቤት

ማይክሮሶፍት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ አውሮፕላን ማብረርን በኮምፒውተር በሚያስመስለው ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ እስከ ዛሬ ስገለገል ቆይቻለሁ። ትልልቅ ከተሞችን የያዙ ተጨማሪ የመልክዓ ምድር ፋይሎችን ጭኜ ረዘም ያለ በረራ ሳደርግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለማረፍ በተቃረብሁበት ሰዓት፣ ፕሮግራሙ ሜሞሪ እንዳለቀ የሚገልጽ መልእክት አሳይቶ ይዘጋል። ኮምፒውተሬ ባለ 4 ኮር ሦስተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራም (የኮምፒውተሩ የሥራ ሜሞሪ)፣ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ እና ተራ ሃርድ ዲስክ ያለው ሲሆን፣ የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው። ወደ ማይክሮሶፍቱ ፍላይት ሲሙሌተር 2024 ወይም የሌላ ኩባንያ ሲሙሌተር ወደሆነው ኤክስ-ፕሌን 12 ለመሸጋገር አስቤአለሁ። ራሙንና ግራፊክስ ካርዱን ብቻ ብለውጥ ይበቃኛል ወይስ አዲስ ኮምፒውተር ግድ ነው? በዩኤስቢ የሚሰኩት መሪና ፔዳሎቼ፣ እንዲሁም ለአሮጌው ፕሮግራም የገዛኋቸው አውሮፕላኖች በአዲሱ ይሠሩ እንደሆነም ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ደመና ሰንጣቂ

አስቀድሜ ስለ መዘጋቱ ልበል። ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም በመሆኑ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ምንም ያህል ራም ቢኖር ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊጠቀም አይችልም፤ በረራው በረዘመ ቁጥር የሚጫነው ነገር እየተጠራቀመ እዚያ ገደብ ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ስለዚህ ለአሮጌው ፕሮግራም ሲሉ ራም አይግዙ። ያነሷቸው ሁለቱም አዳዲስ ሲሙሌተሮች ባለ 64 ቢት ስለሆኑ ይህ ገደብ የለባቸውም፤ የሚጠይቁት ግን ብዙ ነው። ለ2024ቱ የተቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 16 ጊጋባይት ራምና 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ሲሆን፣ የሚመከረው ደግሞ 32 ጊጋባይት ራምና እንደ አርቲኤክስ 2080 ያለ፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ የያዘ ካርድ ነው። ዝቅተኛው መስፈርት ፕሮግራሙ እንደሚከፈት እንጂ በረራው እንደሚያስደስት አያረጋግጥምና መለኪያዎ የሚመከረው ይሁን።

መልስ፦ ባለ ሁለት ሞተር

ወጪውን መከፋፈል ከፈለጉ ግራፊክስ ካርዱን አሁን ገዝተው የቀረውን በኋላ ማሟላት የሚችሉ ይመስለኛል፤ ካርዱ ወደፊት ወደሚገዙት ኮምፒውተር ይዛወራልና ገንዘቡ አይባክንም። ሆኖም ፓወር ሰፕላዩ ካርዱ የሚፈልገውን ኃይልና መሰኪያ መያዙን፣ ካርዱም በርዝመቱ ሳጥኑ ውስጥ መግባቱን ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ።

መልስ፦ የቀኝ ወንበር

በዚህ ሐሳብ አልስማማም። በሌሎች ጨዋታዎች ካርዱን መለወጥ ብቻውን ትልቅ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል፤ በበረራ ሲሙሌተር ግን የአውሮፕላኑ የበረራ ስሌት፣ የኮክፒቱ መሣሪያዎችና በአካባቢው የሚንቀሳቀሱት ሌሎች አውሮፕላኖች የሚሰሉት በፕሮሰሰሩ፣ ያውም በአብዛኛው ሥራዎች ተራ በተራ በሚፈጸሙበት አንድ ዋና የሥራ መስመር ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ይህን ሠርቶ እስኪጨርስ ድረስ አዲሱ ካርድ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል፤ በተለይ ሞኒተሩ ባለ 1080 (ቁመቱ 1080 ፒክስል) ከሆነ ይህ ጎልቶ ይታያል። የማይክሮሶፍቱን ሲሙሌተር የሚጠቀም ሰው የገንቢዎች ሁነታ የሚባለውን ከፍቶ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚታይ የሚያሳየውን የፍሬም ቆጣሪ ቢመለከት፣ ፍጥነቱን የያዘው ዋናው የሥራ መስመር ይሁን ካርዱ በግልጽ ተጽፎ ያገኘዋል።

ሌላው ምክንያት፣ የእርስዎ ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) አዳዲስ ፕሮሰሰሮችንም ሆነ ዲዲአር 4 የተባለውን ከእርስዎ የአዲስ ትውልድ ራም አይቀበልም፤ ሦስተኛው ትውልድ ኢንቴልም ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚደግፋቸው ውስጥ የለም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ስለዚህ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰርና ራም በአንድነት መለወጥ አለባቸው፤ ካርዱ ከእነርሱ በኋላ ቢመጣ እመርጣለሁ። ከፕሮሰሰሮች መካከል የኤኤምዲ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ እና 7800ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት የሚሆን የሦስተኛ ደረጃ ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ) ስላላቸው፣ በየቅጽበቱ ብዙ መረጃ ለሚያመላልስ ሲሙሌተር እጅግ ይስማማሉ። አቅም ካልፈቀደ ግን ባለ 6 ኮር የሆነ የቅርብ ጊዜ ፕሮሰሰርም ይበቃል። ሲሙሌተሩን ከተራ ሃርድ ዲስክ እጅግ ከሚፈጥነው ከኤስኤስዲ በቀር በሌላ ዲስክ ላይ መጫንን አልመክርም።

አብራሪ ዘቤት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሞኒተሬ በእርግጥ ባለ 1080 ነው። ሳልገልጽ የቀረሁት ነገር ቢኖር የኢንተርኔት መስመሬ ከ10 ሜጋቢት በሰከንድ እምብዛም እንደማያልፍና አልፎ አልፎም እንደሚቆራረጥ ነው። ይህ ምርጫውን ይለውጠዋል?

መልስ፦ ደመና ሰንጣቂ

በእጅጉ ይለውጠዋል። ፍላይት ሲሙሌተር 2024 በዲስክ ላይ የሚይዘው 50 ጊጋባይት ያህል ብቻ የሆነው፣ መልክዓ ምድሩንና ከአውሮፕላኖቹም ብዙውን በበረራ ላይ እያሉ ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ነው። ዝቅተኛው መስፈርት 10 ሜጋቢት፣ የሚመከረው 50 ሜጋቢት ነው፤ መስመሩ ሲደክም ከተሞቹ ደብዝዘው ይታያሉ። ኤክስ-ፕሌን 12 ግን የመረጧቸውን የዓለም ክፍሎች አንድ ጊዜ አውርዶ በዲስክዎ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት የሚያስፈልግዎ የወቅቱን እውነተኛ የአየር ሁኔታ ለማምጣትና ለመሳሰለው ነው። የምድሩ ገጽታ ከሳተላይትና ከአየር ፎቶ የተሠራውን የማይክሮሶፍቱን ያህል እንደማይማርክ አልክድም። ነገር ግን በእርስዎ መስመር እኔ ብሆን የምመርጠው እርሱን ነው። በአንድ አካባቢና በጊዜ የተገደበ ነጻ የሙከራ ቅጂ ስላለው፣ ምንም ሳይገዙ አሁን ባለዎት ኮምፒውተር ላይ ዝቅ ባለ ቅንብር ሊሞክሩትም ይችላሉ።

መልስ፦ የመሬት ሠራተኛ

ስለ መሪውና ፔዳሎቹ ያልተመለሰውን ልጨምር። በዩኤስቢ የሚሰኩና ዊንዶውስ የሚያውቃቸው እስከሆኑ ድረስ በሁለቱም ሲሙሌተሮች ይሠራሉ፤ ቁልፎቹን ግን እንደገና መመደብ ያስፈልጋል። ሲመድቡ አንድ ትእዛዝ በሁለት መሣሪያዎች ላይ እንዳይደገም ይጠንቀቁ፤ አውሮፕላኑ ያለ ምክንያት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው። የገዟቸው አውሮፕላኖች ግን አምራቻቸው ለአዲሱ ሲሙሌተር የተለየ ስሪት ካላወጣ በቀር ወደ ኤክስ-ፕሌን አይሻገሩም፤ ስሪቱ ካለም ለነባር ደንበኛ ቅናሽ ይደረግ እንደሆነ አምራቹን ይጠይቁ። እነርሱን ማጣት ካልፈለጉ የአሁኑን ሃርድ ዲስክ ሳያጠፉ አሮጌውን ኮምፒውተር እንዳለ ያቆዩት።