ጥቆማ፦ ለጌጥ ሽንኩርት ደረቅ ኮረት ልግዛ፣ በመትከያ የበቀለ ወይስ ዘር?

ጓሮዬ
ሰላም ለሁላችሁ። ለአበባው የሚተከለውን ሽንኩርት፣ አሊየም የሚባለውን፣ መትከል ፈልጌ ነው። መደቡ 3 ሜትር በ1 ሜትር ነው። በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ያገኛል። አፈሩ ሸክላማ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ውሃው ቶሎ አይሰርግም። ሦስት አማራጭ አለኝ፦ ደረቅ ኮረት (አፈር ውስጥ የሚቀበረውን የሽንኩርቱን ራስ) በፖስታ የሚልክ ነጋዴ፣ በመትከያ ዕቃ አብቅሎ የሚሸጥ ችግኝ ጣቢያ፣ ወይም ዘር። የቱን ትመክሩኛላችሁ? ከዝርያዎቹስ? ትልልቅ ሐምራዊ ኳስ የሚያወጣውን ነው የምፈልገው።

ሥር_ሰደድ
ትልቅ ኳስ ከሆነ ፍላጎትህ ደረቅ ኮረት ግዛ፤ ብርዱ ሳይገባ፣ አፈሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር ትከለው። ነጋዴ ስታወዳድር ዋጋውን ብቻ አትይ፣ የኮረቱን ዙሪያ ልክ ጠይቅ። ኮረት የሚመደበው በዙሪያው ስፋት በሴንቲ ሜትር ነው። ትልልቅ ኳስ ከሚያወጡት ዝርያዎች «ፐርፕል ሴንሴሽን» 12 እና ከዚያ በላይ፣ «ግሎብማስተር» እና ጊጋንቲየም 20 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑ በመጀመሪያው ዓመት ያብባሉ። ከዚያ ያነሰው ቅጠል ብቻ ሰጥቶህ ዓመቱን ሊያሳልፍ ይችላል። ልኩን የማይጽፍ ነጋዴ ምን እንደሚልክልህ አታውቅም።

ለመጀመሪያ ጊዜ «ፐርፕል ሴንሴሽን»ን እመርጥልሃለሁ። ከ80 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ይቆማል፣ ኳሱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ዋጋው ከትልልቆቹ በጣም ያንሳል፣ በየዓመቱም ይመለሳል። «ግሎብማስተር» ኳሱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ዘር ስለማይቋጥር አበባው ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ግን አንዱ ኮረት ውድ ነው። ሦስት አራቱን መሀል ላይ አድርግ፣ ሌላውን በ«ፐርፕል ሴንሴሽን» ሙላው።

ጥልቀቱ የኮረቱን ቁመት ሦስት እጥፍ ነው፤ ለትልልቆቹ 15 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ርቀቱ ከ15 እስከ 20። በመስመር አትደርድረው፤ አምስት ሰባት እያደረግህ ሰብሰብ አድርገህ ትከል።

ንቦች_ይምጡ
እኔ ከምገዛበት ችግኝ ጣቢያ ሌላ ጋ አልሄድም። ሰዎቹ ያውቁኛል፣ የሚሸጡት ሁሉ ጤነኛ ነው፣ አበባውን በዓይንህ አይተህ ትወስዳለህ። ወንድሜ፣ በፖስታ ምን አደከመህ?

ሥር_ሰደድ
እህቴ፣ አበባውን ማየት አንድ ነገር ነው፤ ኮረቱ ግን አይታይም። በመትከያ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ላዩን የተተከለ ነው። ሲዘዋወርም ቅጠሉ ሥራውን ጨርሶ መድረቅ ጀምሯል። ገዝቶ እንዳለ የሚቀብረው ሰው በዓመቱ ቀጭን አበባ ያገኛል። ከመትከያ ከተገዛ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይቆይ፤ ከዚያ ኮረቱን አውጥቶ በትክክለኛው ጥልቀት መትከል ነው።

በመትከያ መግዛት በእውነት የሚሻለው እንደ «ሚሌኒየም» ላሉት ነው። ይሄ ቁጥቋጦ ሆኖ የሚሰፋ ዓይነት ነው፤ እንደ ደረቅ ኮረት ተቀምጦ አይሸጥም። ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የሚያብበውም ሌሎቹ ካበቁ በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ዘላቂ ተክል ተብሎ የተመረጠውም እሱ ነው። ለመደቡ ፊት ለፊት ጥሩ ነው፤ የጠያቂው ትልቅ ኳስ ግን እሱ አይደለም።

ንቦች_ይምጡ
ገባኝ። ቢሆንም እኔ ከጣቢያዬ አልወጣም።

ሐምራዊ
በፖስታ ኮረት አትግዙ! 20 የጊጋንቲየም ኮረት አዝዤ ሲደርስ ግማሹ ለስላሳ ነበር፤ አንዳንዱ ላይ ሰማያዊ ሻጋታ ነበረበት። ነጋዴው «በመንገድ ላይ ለደረሰው አልጠየቅም» አለ። የቀሩትን ተከልኩ፣ ከእነሱም ሦስት ብቻ ናቸው የወጡት። ገንዘብ ማቃጠል ነው።

የማለዳ_ጤዛ
እኔም የሰማሁት ይሄንኑ ነው። ጠያቂ፣ ተጠንቀቅ።

አፈር_ፈታሽ
@ሐምራዊ ሰማያዊውና ለስላሳው አንድ ነገር አይደሉም፣ ለይተህ ንገረን። በደረቁ ልጣጭ ላይ ብናኝ መስሎ የሚታይ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ ውጪው ላይ ብቻ ከሆነና ሥጋው ጠንካራ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ይተከላል፣ ያብባልም። ከታች ሥር በሚያወጣበት መቀመጫው በኩል ሲጫኑት ከሰመጠ፣ ሲቆረጥም ውስጡ ቡናማ ከሆነ ግን እሱ የፉሳሪየም ብስባሴ ነው፤ አይድንም፣ ኮምፖስት ውስጥም አይጣልም። ያንተ የትኛው ነበር?

ሐምራዊ
ሁለቱም ነበሩ። ጠንካራ የሚመስሉትን ነው የተከልኩት። መደቡ ላይ ፍግ በደንብ አድርጌ ነበር፣ ውሃም አላጓደልኩም። ታዲያ ለምን በሰበሱ? ከመጀመሪያው የታመሙ ስለነበሩ ነዋ!

ቆፍር_እንጂ
ፍግ በደንብ፣ ውሃ ሳይጓደል፣ ለጊጋንቲየም! ለሩዝ የሚደረግ እንክብካቤ ነው ያደረግህለት። ነጋዴው ኮረቱ ውስጥ ገብቶ ውሃ አላጠጣልህም።

ሐምራዊ
ስድብህን ያዝልኝ። ግማሹ ተበላሽቶ እንደመጣ ረሳኸው?

ቆፍር_እንጂ
ተበላሽቶ ለመጣው ነጋዴው መተካት ነበረበት፣ በዚያ ካንተ ጋር ነኝ። ስለተተከለው ግን ልንገርህ፤ ቀጣዩ እንዳይጠፋብህ ነው።

ጊጋንቲየም የመካከለኛው እስያ ተክል ነው፤ የሚኖረው ደረቅና ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ነው። እርጥበት የሚፈልገው ቅጠል በሚያወጣበትና በሚያብብበት ጊዜ ብቻ ነው። አበባው ካለፈ በኋላ በአፈር ውስጥ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ደረቅ አፈር ካላገኘ ይበሰብሳል። ያልበሰለ ፍግ ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ ልል ሥጋ ያለው ኮረት ያበቅላል፤ ልል ሥጋ ደግሞ ለብስባሴ በር ይከፍታል። ስለዚህ ፍጉን ተወው። ቅጠሉ ብቅ ሲል ፖታሽየም የሚያመዝን ማዳበሪያ ትንሽ በትንበት፤ ሌላ አያስፈልገውም።

የታዘዘ ኮረት እጅህ ሲገባ በዚያው ቀን ፍታው። አንድ በአንድ መቀመጫውን በአውራ ጣትህ ተጫን፣ በእጅህ መዝነው። ለመጠኑ የቀለለ ውስጡ ደርቋል ወይም ተበልቷል፤ አሽትተው፣ የሚገማውን ለይ። የተበላሹትን ከነማሸጊያው ፎቶ አንስተህ ወዲያው ላክላቸው፤ ከሰነበተ ማንም አይቀበልህም። የላላ ወይም የተላጠ ልጣጭ ግን ጉዳት አይደለም፣ ለእሱ አትጣላ። ወዲያው ካልተከልክ በወረቀት ከረጢት ወይም በመረብ አንጠልጥለው፣ ንፋስ በሚያገኝ ቀዝቃዛ ቦታ። ላስቲክ ውስጥ ግን ያልበዋል።

ሐምራዊ
ይሄን ቀድመህ ብትለኝ ኖሮ አንጣላም ነበር። በላስቲክ ነበር የመጡት፤ ለሁለት ሳምንትም እንዳሉ አስቀመጥኳቸው።

የማለዳ_ጤዛ
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልውጣና፣ ቅጠሉ ይበላል? ሽንኩርት አይደል?

አፈር_ፈታሽ
ዘመዳሞች ናቸው፤ ለአበባ የሚሸጠውን ኮረት ግን አትብሉ። ከመሸጡ በፊት በሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የታሸ ሊሆን ይችላል። ይልቅ ውሻ ወይም ድመት ላለው ሰው፦ የሽንኩርት ወገን በሙሉ ለሁለቱም መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሴላቸውን ያፈርሳል። ቆፍሮ የሚበላ ውሻ ካለ መደቡን አጥሩ።

ጓሮዬ
አመሰግናለሁ። ስለ ሸክላማው አፈር ግን ማንም አልነገረኝም። ጉድጓዱ ሥር ጠጠር ላድርግ?

ንቦች_ይምጡ
አዎ፣ ጣቢያዬ ያሉት ሁልጊዜ ጠጠር አድርጉ ይላሉ።

አፈር_ፈታሽ
አታድርግ። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ በላይኛው አፈር ውስጥ ይቋጥራል፣ ኮረቱ በቋጠረው ውሃ ላይ ይቀመጣል። በሸክላ መሀል የተቆፈረ ጉድጓድ ራሱ ገንዳ ነው፤ ጠጠር ቢጨመርበት ጠጠር ያለበት ገንዳ ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ ፈትሸው። 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍር፣ ውሃ ሙላው፣ ይስረግ። እንደገና ሙላና በሰዓት ስንት እንደሚወርድ ለካ። በሰዓት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እዚያው ደረጃ ላይ አትትከል። መደቡን ከፍ አድርገው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የምትሞላውን አፈር በደንብ ከበሰለ ኮምፖስትና ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ካለው ሸካራ ጠጠር ጋር አዋህደው፤ ጠጠሩ የጠቅላላውን አንድ አራተኛ ያህል ይሁን። ቁም ነገሩ መዋሃዱ ነው፣ ሥር ላይ መነጠፉ አይደለም። ደቃቅ አሸዋ ጥቂት ጥቂት አትጨምር፤ ከሸክላ ጋር ሲደርቅ ጡብ ይሆናል።

ሌላም ነገር፦ መደቡ ላይ ከዚህ በፊት ቀይ ወይም ነጭ ሽንኩርት ነበረበት? ከነበረና ሥሩ አካባቢ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ፣ ውስጡም ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ የመሰለ ነገር አይተህ ከሆነ ያ ነጭ ብስባሴ ነው። ፍሬ የመሰለው ነገር አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ይቆያል። እዚያ ምንም ዓይነት አሊየም አይተከልም፤ ኮረቱን ከየትም ብትገዛው ለውጥ የለውም።

ጓሮዬ
ሽንኩርት ተተክሎበት አያውቅም። ዘሩስ?

ሥር_ሰደድ
ዘር ለታጋሽ ነው። ትልልቆቹ ከዘር እስኪያብቡ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈልጋሉ፣ ለመብቀልም ብርድ ማግኘት አለባቸው። የ«ፐርፕል ሴንሴሽን» ዘር እናቱን አይመስልም፣ ብዙው ቀለሙ ደብዘዝ ይላል። በራሱ ረግፎ የሚበቅለውም እንዲሁ ነው፤ ጥቁር ሐምራዊው እንዲቆይልህ ከፈለግህ ዘሩ ሳይረግፍ ኳሱን ቁረጠው። «ግሎብማስተር» ደግሞ ዘር ስለሌለው «የግሎብማስተር ዘር» ብሎ የሚሸጥልህ ካለ ሽሸው።

የማለዳ_ጤዛ
እኔ ያለሁበት ብርድ የሚባል ነገር የለም። እኔስ?

ቆፍር_እንጂ
ብርድ ካላገኘ የአብዛኞቹ አበባ በቅጠሉ መሀል ቀጭጮ ይቀራል። ኮረቱን በወረቀት ከረጢት አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 9 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቢያንስ ከ10 እስከ 12 ሳምንት አቆዪው። ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። ፍሬ ካለበት መሳቢያ አርቂው፤ የሚበስል ፍሬ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ውስጥ ያለውን እንቡጥ ይጎዳል። እንዳወጣሽው ትከዪው። ይሄ ሁሉ ድካም ነው ካልሽ ቱቤሮሰም የሚባለውን ነጭ አበባ ያለውን ትከዪ፤ የብርድ ጣጣ የለበትም። ዘሩን ካልቆረጥሽ ግን ጓሮውን ይወርሰዋል።

ሐምራዊ
ጥያቄ፦ ከወጡልኝ ሦስቱ አበባው ሳይከፈት ቅጠላቸው ጫፉ ቢጫ ሆነ። ይሄም ብስባሴ ነው?

ሥር_ሰደድ
አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። የትልልቆቹ ቅጠል አበባው ሲከፈት ይደርቃል። እንዳትቆርጠው፤ የሚቀጥለው ዓመት አበባ ስንቁ እሱ ነው። በእጅ ሲሳብ ራሱ ሲለቅ ብቻ አንሳው። ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካየህ ግን ዋግ ነው፤ የተያዘውን ቅጠል ቆርጠህ አስወግድ፣ ውሃውን ከላይ ሳይሆን ከሥር አጠጣ።

የደረቀው ቅጠል ካስጠላህ ከፊቱ ጉልበት የማይደርስ ዘላቂ ጄራኒየም ትከልበት። አገዳው በላዩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቅጠሉ ከሥሩ ይደበቃል።

ንቦች_ይምጡ
ጄራኒየም ከፈለጋችሁ ጣቢያዬ ጋ ሞልቷል።

የማለዳ_ጤዛ
ቆርጦ ቤት ውስጥ ማስቀመጥስ ይቻላል? ይሸታል ይላሉ።

አፈር_ፈታሽ
አገዳው ሲቆረጥ ወይም ሲጨፈለቅ ብቻ ነው የሚሸተው። በስለት ቆርጠሽ ለአንድ ሰዓት በባልዲ ውሃ ውጪ አቁሚው፣ ከዚያ በአዲስ ውሃ አስገቢው፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሪ። ለማድረቅ ክሪስቶፊ የሚባለውን የሚያህል የለም። ቁመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፣ ኳሱ ግን 20 ይደርሳል፤ እያንዳንዷ አበባ ጠንካራ ኮከብ ናት፣ ደርቃም ቅርጿን አትለቅም። አገዳው ገለባ እስኪመስል መደቡ ላይ ተዪው፤ እርጥቡን ቆርጠሽ ብትሰቅዪው ያጎነብሳል።