በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ግቢ ለሠርግ ማን ነው የሚፈቅደው?

ሰላም፣ የደብረ ማርቆስ ልጆች ካላችሁ እስኪ አንድ በሉኝ። ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ ልንጋባ ነው። የጨነቀን የምሳው ቦታ ነው። እጮኛዬ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ግቢ ሌላ ከሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። አልፈርድባትም፤ በ1873 የጎጃምና የካፋ ንጉሥ የተባሉ ሰው ግቢ ውስጥ ካባ ደርቦ መቆም ማን ይጠላል!

ግን ፈቃዱ የማን ነው? አንዱ ቢሮ ደብዳቤ አምጡ ይላል፣ ደብዳቤውን ይጽፋል የተባለው ደግሞ እኛን አይመለከትም ብሎ ይመልሰናል፣ እንዲህ ስንንከራተት ድግሱ ደረሰ። ቅርስ በአዋጅ 209/1992 እንደሚጠበቅ ገብቶኛል። ግድግዳው ላይ ሚስማር አንመታም፣ እሳት አናነድም፣ ወጡም ሌላ ቦታ ተሠርቶ ይመጣል። የምንፈልገው ውጭ ላይ ድንኳን ብቻ ነው። ካስማ መትከል አይቻልም ካሉን ደግሞ በአሸዋ ጆንያ የሚወጠር የሚያከራይ ታውቃላችሁ?

አባዬ «ሰፈር ዳስ ጥላችሁ ተገላገሉ» ይላል፤ እናቴ እንደሆነ ጌሾውን አስወቅጣለች። እዚያ የደገሰ ካለ ማመልከቻውን ለማን እንዳስገባ ይንገረኝ። እሱ እንኳ ባይሆን፣ ሙሽሮች ገብተው ፎቶ ለመነሳትስ ደብዳቤ ይጠየቃል?