የማይነሱ ዕቃዎች ማስቀመጫ፦ ረቂቅ 2፣ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ (ብሎክ 11)፦
ረቂቅ 2 ይኸው። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ የሚያነሱት ማዳበሪያ ውስጥ የገባውን ነው። ፍራሽ፣ ሶፋ፣ የድሮ ቴሌቪዥን፣ የተቃጠለ አምፖል፣ ባትሪ፣ የተሰነጠቀ የሽንት ቤት መቀመጫ አይነኩም። ገንዳው ሥር የተጣለውም መኪናው ገንዳውን ሲያነሳ እዚያው ይቀራል። ዝናብ ጠጥተው ያበጡትን ሁለት ፍራሾች ሁላችሁም እያያችሁ ነው የምታልፉት። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የጋራ ሕንፃው ላይ ከማረጃው ቀጥሎ ያለው ክፍል ለዚህ ይለይ። በወር አንድ እሑድ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ይከፈት። የሚጠገነው ለሚፈልግ ሰው ይሰጥ፣ የሚሸጠው ለቆራሌው ይሸጥ፣ አደገኛው ለብቻው ይቀመጥና ሲጠራቀም በመኪና ይወሰድ። ገንዘቡ ለማህበሩ ገቢ ይሁን። ማክሰኞ ወረዳ እናስገባለን።

ብሎክ 4፣ ቤት 102፦
ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?

ብሎክ 7፣ ቤት 310፦
ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ነገር ይጨመር። ቆራሌው ኋላው ትልቁን የድሮ ቴሌቪዥን ከገዛ ጀርባውን ሰብሮ መዳቡን ይወስዳል፣ መስታወቱን አጥር ሥር ይጥለዋል። እዚያ መስታወት ውስጥ እርሳስ አለበት። ገመዱንም መዳቡን ለማውጣት ያቃጥሉታል፤ ጭሱን አንዴ የሳበ ያውቀዋል። ሥራዬ ጥገና ስለሆነ በየቀኑ የማየው ነው። ወይ ሙሉውን ይውሰድ ወይ አይሸጥለት።

ብሎክ 4፣ ቤት 102፦
የጠየቅኩት አልተመለሰም።

ጸሐፊ (ብሎክ 11)፦
ቁልፉ ጥበቃ ጋ።

ብሎክ 4፣ ቤት 102፦
ጥበቃ ጋ የነበረ ጊዜ የሆነውን ረሳችሁት ማለት ነው? የዕድሩ ሁለት ትልልቅ ድስቶች የት ገቡ?

ብሎክ 9፣ ቤት 401፦
እትዬ፣ ድስቶቹ ሲጠፉ ቁልፉ ጥበቃ ጋ አልነበረም። ብሎክ 2 ነበር።

ብሎክ 6፣ ቤት 205፦
ፒክአፕ አለኝ። አደገኛውን ዕቃ ቅዳሜ እኔ አደርሳለሁ። ነዳጁንም አልጠይቅም።

ጸሐፊ (ብሎክ 11)፦
ተባረክ። ረቂቁ ላይ አስገባሁህ።

ብሎክ 2፣ ምድር፦
ብሎክ 2 የተባልኩት እኔ ነኝ። ድስቶቹ ለልቅሶ ወጥተው ነው ያልተመለሱት፣ የወሰደው ሰው ፊርማ መዝገቡ ላይ አለ። ስድስት ዓመት ያለ አንድ ሳንቲም ያገለገልኩበትን ቁልፍ እንዲህ አድርጎ የሚያነሳ ሰው በሬን ያንኳኳ። እዚህ አይጻፍ።

ብሎክ 9፣ ቤት 401፦
ጋሼ፣ ሰረቁ አላልኩም። የት እንደነበረ ነው የተናገርኩት።

ብሎክ 2፣ ምድር፦
ያው ነው።

ብሎክ 13፣ ቤት 304፦
ስለ አምፖሉ ልናገር። መብራት ኃይል አሮጌውን እየተቀበለ ቆጣቢ አምፖል ያደለን ጊዜ የወሰድናቸው አሁን እየተቃጠሉ ነው፣ እኔ ቤት ብቻ አሥራ አንድ አሉ። ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ። ማዳበሪያ ውስጥ ስንከተው የሚሰበረው ሰብሳቢዋ ትከሻ ላይ ነው። ከእሷ ያለፈው ረጲ፣ ቆሼ የምንለው የቆሻሻ ክምር ይደርሳል፣ እዚያም በሜንጦ እየቆፈረ የሚለቅመው ሰው እጅ ይገባል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ሲናድ ከመቶ በላይ ሰው አልቋል። ቤታቸው እዚያው ሥር ነበር። እኛ የምንጥለው ነገር አንድ ቦታ ይደርሳል፣ የደረሰበት ቦታም ሰው አለ። ቆሻሻው ሲነሳ ጠፋ ማለት አይደለም። እባካችሁ ስለ ቁልፉ በኋላ እናውራ።

ብሎክ 4፣ ቤት 102፦
የእኔ ልጅ፣ ያልሽው እውነት ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ግን ክፍሉ ካልተቆለፈ አምፖልሽንም ልጆች አውጥተው ይጫወቱበታል። ስለዚህ ነገሩ ቁልፉ ነው።

ብሎክ 3፣ ቤት 207፦
ቆራሌ ግቢ እንዳይገባ ያልነው የውሃ ቆጣሪ ተፈትቶ የተወሰደ ጊዜ ነው። ቃለ ጉባኤ አለው። አሁን በእሑድ ልናስገባው ነው?

ብሎክ 7፣ ቤት 310፦
ቆጣሪውን ቆራሌ ፈታው ያለ ማን ነው? ናሱን የሸጠው የእኛው ሰው ሊሆን ይችላል። እነዚህ ልጆች ጆንያ ተሸክመው ከተማውን በእግራቸው ዞረው ነው የሚበሉት። እነሱ ባይኖሩ ብረቱም ጄሪካኑም ገደል ነበር የሚገባው። ምን አለሽ ተራ ሄዳችሁ እዩ፤ ከእኛ በወጣ በርሜል ምድጃ፣ በጎማ በረባሶ ይሠራል።

ብሎክ 3፣ ቤት 207፦
ስብከት አልጠየቅኩም። አራት ቆጣሪ ነው የጠፋው፣ አንዱ የእኔ ነው፣ ያስተካሁት በገንዘቤ ነው።

ብሎክ 7፣ ቤት 310፦
የአንተ ቆጣሪ ስለጠፋ ሁሉም ሌባ ነው?

ጸሐፊ (ብሎክ 11)፦
ሁለታችሁም ተዉ። ቆራሌው በር ላይ ይጠብቅ፣ ዕቃው ይወጣለታል። ይህን አስገብቻለሁ።

ብሎክ 8፣ ቤት 101፦
ልብስና ጫማ ረቂቁ ላይ ለምን የለም? ልዋጭ የሚሉት ሴቶች ድሮ በር ድረስ ይመጡ ነበር፣ ለአንድ አሮጌ ካፖርት ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ወስጃለሁ። አሁን ፎቅ ስለሆነ ድምፃቸው አይሰማም። እሑድ እነሱም ይጠሩ። የጠርሙስም ነገር አለ፤ የቢራው ከነሳጥኑ ይመለሳል፣ የወይኑንና የማርማላታውን ግን ማንም አይወስድም። ጠጅና አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ይፈልጉታል፣ ታጥቦ ይቀመጥላቸው።

ብሎክ 12፣ ቤት 406፦
እደግፋለሁ። አሮጌ ስፖንጅም ደረቅ ከሆነ ተከትክቶ ትራስ ይሞላል። እርጥቡን ግን ማንም አይወስድም፣ ስለዚህ ፍራሽ ዝናብ ሳይነካው ይምጣ።

ብሎክ 4፣ ቤት 102፦
በየት በር ነው የሚገባው? ማን ይከፍታል?

ገንዘብ ያዥ (ብሎክ 5)፦
መፍትሔ ልስጥ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ይደረግ። ሦስት ጓጉንቸር፣ ሦስት ሰው። አንዱ ከዕድሩ፣ አንዱ ከማህበሩ፣ አንዱ ከጥበቃ። ሦስቱ ካልመጡ አይከፈትም።

ብሎክ 9፣ ቤት 401፦
ሦስት ሰው እሑድ 3 ሰዓት? ከቅዳሴ ማን ይቀራል? ሁለት ይሁን።

ብሎክ 14፣ ቤት 203፦
ቅዳሜ ይሁን።

ብሎክ 3፣ ቤት 207፦
ቅዳሜ ግማሹ ሰው ሥራ ነው።

ብሎክ 2፣ ምድር፦
ከዕድሩ ማን ሊሆን ነው?

ገንዘብ ያዥ (ብሎክ 5)፦
እርስዎ፣ ከፈቀዱ።

ብሎክ 2፣ ምድር፦
ከላይ የተጻፈው ይታረም፣ ከዚያ እነጋገራለሁ።

ብሎክ 9፣ ቤት 401፦
ጋሼ፣ ይቅርታ። መዝገቡን ሳላይ ነው የጻፍኩት።

ብሎክ 2፣ ምድር፦
እሺ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሦስትም አድርጉ አምስት፣ የክፍሉ በር መቃኑ በስብሷል። ጓጉንቸሩ የሚያያዝበት ማጠፊያ በሁለት ሚስማር ነው የቆመው። በእግር ቢገፉት ይከፈታል። ድስቱም የወጣው በእጄ ባለው ቁልፍ ተከፍቶ ነው ብዬ አልምልም።

ብሎክ 4፣ ቤት 102፦
ይኸው! ይህን ነው ስል የነበረው። በመጀመሪያ በር።

ብሎክ 13፣ ቤት 304፦
በሩ እስኪሠራ ቢያንስ አምፖሉና ባትሪው ይጀመር። እነሱ የሚፈልጉት አንድ ካርቶንና አንድ ክዳን ያለው ባልዲ ነው። የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ፣ ያበጠ የስልክ ባትሪ፣ ሁሉም ቦታ አይፈጅም። የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ (513/1999) እንኳ መልሶ የሚያገለግለውን ከሚጣለው ለይቶ እንዲያወጣ ያዘዘው የቤቱን ኃላፊ ነበር። ወረዳውን መጠበቅ የለብንም።

ጸሐፊ (ብሎክ 11)፦
ትክክል ነሽ። አቃቂ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚፈታበት ማዕከል ተሠርቶ ነበር፣ ከግለሰብ ይቀበሉ እንደሆነ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ብሎክ 6፣ ቅዳሜ በፒክአፑ ትሄዳለህ?

ገንዘብ ያዥ (ብሎክ 5)፦
የበሩን ነገር ብየዳ ቤት ጠየቅኩ። ከአዲስ ላሜራ ከሆነ ከካዝናችን በላይ ነው። ብረት ካቀረብን ግን የእጅ ብቻ ይከፈላል። ደረጃ ሥር የተከመሩት የአልጋ ብረቶች፣ የተነቀሉት የመስኮት ፍርግርጎች፣ የድሮው የውሃ ታንከር ማቆሚያ፣ እነዚህ ለቆራሌ ከሚሸጡ ለበሩ ይዋሉ።

ብሎክ 7፣ ቤት 310፦
ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። የበሩን ስፋት እኔ እለካለሁ።

ብሎክ 3፣ ቤት 207፦
ብረቱ ከተረፈ የጥበቃ ቤቱ ጣሪያ ይሠራ። ያንጠባጥባል፣ ሰውየው ሌሊቱን ጃንጥላ ይዞ ነው የሚያድረው።

ብሎክ 4፣ ቤት 102፦
እደግፋለሁ። የጥበቃው ነገር ያሳፍራል።

ብሎክ 12፣ ቤት 406፦
እኔም።

ብሎክ 14፣ ቤት 203፦
እኔም። ቆርቆሮ ሁለት አለኝ፣ ቀዳዳ የለውም።

ጸሐፊ (ብሎክ 11)፦
ብሎክ 6? ደውዬም አልተነሳም።

ብሎክ 8፣ ቤት 101፦
ፒክአፑን ሐሙስ ጭኖበት ሲወጣ አይቻለሁ። ወደ ሐዋሳ ነው አሉ።

ብሎክ 13፣ ቤት 304፦
ታክሲ ይዤ እኔ እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ አንድ ሰው?

ጸሐፊ (ብሎክ 11)፦
ረቂቅ 3፣ ማክሰኞ የሚገባው፦ የጋራ ሕንፃው ክፍል የብረት በር ከግቢው ብረት ይሠራ፣ የእጅ ዋጋ ከመጠባበቂያው ይከፈል። ሁለት ጓጉንቸር፣ አንዱ ዕድሩ ጋ፣ አንዱ ማህበሩ ጋ። የተረፈው ብረት ለጥበቃ ቤት ጣሪያ ይዋል። የልዋጭና የጠርሙሱ፣ የፍራሹና የቴሌቪዥኑ ነገር በሩ ካለቀ በኋላ ይታያል። ቆራሌ በር ላይ፣ ግቢ አይገባም። የማትስማሙ እስከ ማታ።

ብሎክ 4፣ ቤት 102፦
ተስማምቻለሁ።

ብሎክ 2፣ ምድር፦
ተስማምቻለሁ። የዕድሩን ቁልፍ እይዛለሁ።

ብሎክ 7፣ ቤት 310፦
ተስማምቻለሁ፣ ቴሌቪዥኑ ግን ይጻፍ። «በኋላ ይታያል» ማለት አይታይም ማለት ነው።

ብሎክ 13፣ ቤት 304፦
አምፖሉ የት ላይ ነው? አሥራ አንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ በካርቶን አስቀምጫቸዋለሁ፣ ጎረቤቴም ስድስት አምጥታልኛለች። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት በሩ ላይ እቆማለሁ፣ አብሮኝ የሚመጣ ካለ።

ገንዘብ ያዥ (ብሎክ 5)፦
ብየዳው ቅድሚያ ክፍያ ዛሬ ይፈልጋል። የበሩን ስፋት የለካ ይላክልኝ።

ብሎክ 7፣ ቤት 310፦
90 በ210። ግን መቃኑ ወደ ግራ ያጋደለ ነው፣ ራሱ መጥቶ ይለካ።