የእንጨት ከዘራ፦ የተዘጋጀ ልግዛ ወይስ ላሠራ?

ለእናትህ ከዘራ ፈልገህ የቱ ይሻላል ላልከው፣ ሁሉንም ዓይነት ስለሞከርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ግን መልኩን እርሳው። እኔ ለአባቴ የመጀመሪያውን የገዛሁላቸው በመልኩ ተታልዬ ነው። ወይራ፣ ፊት የሚያሳይ ቫርኒሽ የተቀባ። ሻጩ «ለማንም ይሆናል» አለኝ፣ አመንኩት። ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ትከሻቸውን እያሹ መዋል ጀመሩ። ለካ ከዘራው 4 ሳንቲ ሜትር ረዝሞባቸው፣ በየእርምጃው ትከሻቸውን ወደ ላይ ይገፋው ነበር። «እግሬን ላሳርፍ ብዬ ትከሻዬን ፈጀሁት» አሉኝ።

ልኬቱ እንዲህ ነው። እናትህ ሁልጊዜ የሚሄዱበትን ጫማ ያድርጉ። ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ወደ ታች ይልቀቁት። አንተ ከመሬት እስከ እጅ አንጓቸው መታጠፊያ ድረስ ለካ። የእጀታው አናት እዚያ ላይ ማረፍ አለበት። ሲይዙት ክርናቸው በትንሹ ይታጠፋል፣ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ራሳቸው እንዲለኩ አታድርግ፤ ሜትሩን ለማየት ጎንበስ ሲሉ ቁጥሩ ይበላሻል። ደግሞ ከዘራ የሚያዘው ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል።

አሁን ወደ ምርጫው። ቁመቱ በዘንጉ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች የሚስተካከለው የአሉሚኒየም ከዘራ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይገኛል። ሲቆይ ግን መገጣጠሚያው ይላላና ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አባቴ «ይህ ነገር እየሄድኩ ያወራብኛል» ብለው ጥለውታል። ቢሆንም አንድ ጥቅም አለው። እናትህ ለጥቂት ቀን ተውሰው ይሂዱበት፣ የተመቻቸውን ቀዳዳ ያዝ፣ ከዚያ ያንን ቁመት ለአናጢው ስጠው። ከሜትር የበለጠ የሚታመን ልኬት ይህ ነው።

ተሠርቶ የተቀመጠ የእንጨት ከዘራ ከሆነ፣ ረዘም ያለውን ምረጥ። ረጅም ይቆረጣል፣ አጭር ግን አይቀጠልም። የሚቆረጠው ከታች ነው፣ ጎማው ከተገጠመ በኋላ ያለውን ቁመት አስበህ፣ በአንዴ ከ1 ሳንቲ ሜትር ሳታልፍ። ከመግዛትህ በፊት እጀታውን ጠምዘዝ፣ ሳብ አድርገው። ከተንቀሳቀሰ ተወው። በዘንጉ ላይ ያለውን የእንጨት መስመርም ተከተለው፤ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ከሆነ ጠንካራ ነው፣ ወደ ጎን የሚወጣ ከሆነ ክብደት ሲያርፍበት እዚያው ላይ ይሰነጠቃል።

የእኔ ምርጫ ግን ማሠራት ነው፣ በተለይ ለእጀታው ሲባል። ቆልማማው ክንድ ላይ ለመስቀል ይመቻል፣ ነገር ግን ክብደቱን መዳፍ ላይ በደንብ አያሳርፍም። እናትህ ከልብ የሚደገፉበት ከሆነ ጠፍጠፍ ያለ አግድም እጀታ ይሁን። ጣታቸውን የሚያማቸው ከሆነም ወፈር ይበል። አናጢው ይህን በእጃቸው ልክ ሊያወጣው ይችላል። እንጨቱ ደረቅ መሆኑን ጠይቅ። እርጥብ ከሆነ ቤት ከገባ በኋላ ይጣመማል፣ እጀታውም ይላቀቃል። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ግን ይከብዳል፤ ጉልበት ለሌለው ሰው በቀጭኑ ይሠራ።

ራስህ ልሥራ ካልክም ይቻላል፣ ትዕግሥት ካለህ። ቅርንጫፉን ቆርጠህ ጫፍና ጫፉን ቀለም ወይም ሰም ቀባ፤ አለበለዚያ ውኃው በጫፉ ቶሎ ይወጣና ይሰነጠቃል። ከነልጣጩ ጥላ ውስጥ ወራት ይቆይ። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል። የጎበጠው ቦታ በእንፋሎት ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ጉልበትህ ላይ አቃንተህ እስኪቀዘቅዝ ያዘው። በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስከው በኋላ የተልባ ዘይት ቀባ። የቀባህበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለህ አትጣል፣ ዘርግተህ አድርቀው፤ ተጠቅልሎ ከቀረ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

የታችኛው ጎማ ደግሞ አይናቅ። ጠርዙ ሲሟጠጥ ቀይረው፣ እርጥብ ወለል ላይ የሚያንሸራትተው የተሟጠጠ ጎማ ነው። ስትገዛም የዘንጉን ጫፍ ውፍረት ለክተህ ሂድ። እኔ በዓይን ገምቼ ሁለቴ ተመልሻለሁ።