መኝታ ቤት ካርፔት ልናነጥፍ ነው፣ ወለሉን መጀመሪያ ምን እናድርገው?

ጠያቂ፦ ሽምብጧ
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ባህር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ነው ያለነው ከጣና ሐይቅ ብዙም አንርቅም፣ ቤቱ የራሳችን ነው ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ። ሁለት መኝታ ቤት አለን ትልቁ 3.60 በ4.20 ትንሹ 3 በ3.50 ነው። እስካሁን ላስቲክ ምንጣፍ ነበር አሁን ስናነሳው ከስሩ ግድግዳ ግድግዳውን ጥቁር ጥቁር ነገር ይዞታል ሽታም አለው። ትንሹ ክፍል ደግሞ ሐምሌ ላይ ቧንቧ ለማሳለፍ ተቆፍሮ ጥጉ በአዲስ ሊሾ ተደፍኗል። ባለቤቴ ለእንቁጣጣሽ እንግዳ ስላለብን አሁኑኑ ይነጠፍ ይላል። ስንት ሜትር ልግዛ? ከስሩ ምን ይደረጋል? ማስቲሽ ይቀባል ወይስ ዝም ብሎ ይነጠፋል? ሰው ሳንቀጥር ራሳችን እንችለዋለን? በናታችሁ የሰራችሁበት ንገሩኝ

የቀበሌ 14 ልጅ፦
እህቴ ባህር ዳር ላይ ካርፔት ምን ያደርግልሻል፣ በጋ ሙቀት ክረምት እርጥበት፣ አቧራው ደግሞ አለ። ሴራሚክ አስደርጊና ተገላገይ

ሽምብጧ፦
ሴራሚክ አሁን አቅማችን አይደለም ወንድሜ፣ ልጆቹም ከአልጋ ወርደው ባዶ እግራቸውን ነው የሚሮጡት

አናጢው፦
እህቴ መግዛቱን ለጊዜው ተይው። ያ ጥቁር ነገር ሻጋታ ነው፣ ሻጋታ ያለው ደግሞ እርጥበት ስላለ ነው፣ ላስቲኩ ከታች የሚወጣውን እርጥበት አፍኖ ይዞት ነበር ማለት ነው። አሁን ካርፔት ብታለብሺው ያው ነገር ካርፔቱ ውስጥ ይገባል ያኔ ማጠብም አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ወለሉን ፈትኚው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ወፈር ያለ ንጹህ ላስቲክ ቁረጪና አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ሊሾው ላይ ለጥፊው፣ አንድ ቀን ሙሉ ይደር። ስታነሺው ከስሩ ጤዛ ካለ ወይ ሊሾው ጠቆር ካለ ወለሉ ገና እየተነፈሰ ነው። በየክፍሉ አንዱን ግድግዳው ስር አንዱን መሃል ላይ አድርጊ፣ ትንሹ ክፍል ላይ ደግሞ አዲሱ ሊሾ ላይ እንዳትረሺ። አዲስ ሊሾ በደህና አየር በቀን 1 ሚሊ ገደማ ነው የሚደርቀው፣ 5 ሳንቲ ውፍረት ካለው 50 ቀን ማለት ነው፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ላዩ ነጭ ሆኖ ደርቋል ብለው ብዙ ሰዎች ይሸወዳሉ

ጣና ዳር ያደግኩ፦
አናጢው ያለው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ሐይቁ አጠገብ ለሆነ ሰው ዝናቡ ቆመ ማለት መሬቱ ደረቀ ማለት አይደለም፣ የጣና ውሃ ከፍ የሚለው መስከረም መጨረሻ ገደማ ነው። የኛ ሰፈር ወለል ከህዳር በኋላ ነው ደህና የሚሆነው። ውጪውንም እዪው፣ የጣራው ውሃ ግድግዳው ስር የሚወርድ ከሆነ አሸንዳና ቦይ ሳይሰራለት ውስጡን ብታደርቂው ትርጉም የለውም

ሽምብጧ፦
እሺ ላስቲኩን አደረግኩት። ትልቁ ክፍል ሁለቱም ቦታ ደረቅ ነው ምንም የለውም። ትንሹ ክፍል መሃሉ ደህና ነው ግን አዲሱ ሊሾና የውጪው ግድግዳ ስር ላስቲኩ ውሃ አዝሏል። የውጪውን ሳየው እውነትም የጣራው ውሃ እዛው ነው የሚወርደው 😩 ባለቤቴን አሳይቼው ዝም አለ

አናጢው፦
ጥሩ፣ እንግዲያው ትልቁን ስሩ፣ ትንሹን ለበጋ አቆዩት። ለእንግዳው እዛ ክፍል ተነሺ ስጋጃ ጣል አድርጊ፣ ጠዋት ጠዋት ገልበጥ እያደረግሽ አየር ይግባው። ሻጋታውን በሳሙና ፈትጊው ከዚያ በረኪና በውሃ አቅጥነሽ አሹበት፣ መስኮት ከፍተሽ፣ በረኪናውን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅይ ጋዙ ሳንባ ያቃጥላል

የሁለት ልጆች እናት፦
ሜትሩን እኔ ልንገርሽ። ጥቅሉ ስፋቱ 4 ሜትር የሆነውን ፈልጊ፣ ለትልቁ ክፍል 4.40 ታስቆርጫለሽ በየጎኑ 10 ሳንቲ ትርፍ ይኖርሻል፣ በስፋቱም 3.60 ስለሆነ 4ቱ ይበቃል መጋጠሚያ የለውም። ትንሹ ደግሞ የጥቅሉን 4 ሜትር በ3.50ው በኩል ካደረግሽው 3.20 ይበቃዋል። ሻጩ 3 ሜትር ስፋት ያለውን ርካሽ ነው ቢልሽ እንዳትሰሚው፣ ትልቁ ክፍል ላይ መቀጠል ግድ ይሆናል፣ ትንሹም ልክ 3 ሜትር ስለሆነ ለመከርከሚያ ምንም አይተርፍሽም። በሩ ጋ ስትለኪ ደግሞ እስከ ግድግዳው ብቻ ሳይሆን በሩ ሲዘጋ እስከሚቆምበት ድረስ ለኪ፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል

አባይ ማዶ፦
ከስሩ ካርቶን ወይ ሰሌን ጣል አድርጊ ይለሰልሳል ወጪም የለው

አናጢው፦
ወንድሜ ካርቶን ለምስጥ ምሳ ነው 😄 ሰሌኑም መስመሩ ከላይ ይታወቃል። የምትችዪ ከሆነ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ከ8 እስከ 10 ሚሊ፣ የፍራሹን ለስላሳ አይደለም እሱ ቶሎ ይተኛል። ካልቻልሽ ባዶውን ይነጠፍ ችግር የለም፣ ብቻ ጀርባው ጎማ የሆነውን ካርፔት አትግዢ እርጥበት ያፍናል፣ ጀርባው ጨርቅ የሆነውን ያዢ

ሽምብጧ፦
ማስቲሹስ?

አናጢው፦
አልመክርሽም። አንዴ ሙሉ ወለሉ ላይ ከተቀባ ለማንሳት ሊሾው አብሮ ይላጣል። መኝታ ቤት ውስጥ አልጋና ቁምሳጥን ራሱ ይይዘዋል፣ ጠርዝ ጠርዙንና በሩ ጋ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ይበቃል። የግድ ማስቲሽ ካላችሁ መስኮት ይከፈት፣ ከሰልም ሆነ እጣን እዛ ቤት እንዳይገባ፣ የማስቲሹ ትነት ራሱ ይቀጣጠላል

አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ካርፔቱን ከጥቅሉ ፍቱትና ክፍሉ ውስጥ ተዘርግቶ ይደር፣ የተጠቀለለው ይፍታታል። አልጋው ይውጣ፣ ሊሾው ተጠርጎ ጎርበጥ ያለው ተፍቆ ይስተካከል አንዲት ጠጠር ከቀረች እድሜ ልክ እግር ስር ትታወቃለች። ከረጅሙ ግድግዳ ጀምራችሁ ወደ ማዶ በእግር እየገፋችሁ አስተኙት። ጥግ ላይ ትርፉ ስለሚጨማደድ ከጫፉ ወደ ጥጉ ሰንጠቅ አድርጉት፣ ከዚያ በቢላ ጀርባ ዞኮሎው (የግድግዳው የታች ጠርዝ) ስር አጥብቃችሁ ተጭናችሁ መስመሩ ሲወጣ በከተር ቁረጡ። መጀመሪያ ትንሽ ትርፍ ተዉ፣ አጥሮ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። ምላጩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ የደነዘዘ ምላጭ ፀጉሩን ይጎትታል። የፀጉሩ አቅጣጫ በሁለቱም ክፍል አንድ ካልሆነ ቀለሙ የተለያየ ይመስላል፣ ክፍሎቹ ለየብቻ ስለሆኑ ግን ብዙ አያስጨንቅም

ሽምብጧ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሸጋ አድርገህ ነው የነገርከኝ። በሩስ ይዘጋል ብለህ ነው? አሁን ራሱ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው

አናጢው፦
እንጨት ከሆነ ከማጠፊያው አውርዱትና የካርፔቱንና የስፖንጁን ውፍረት ደምራችሁ ሌላ 3 ሚሊ ጨምራችሁ ከስሩ በመላጊያ ይላጋል። ላሜራ ከሆነ ግን ስፖንጁን ተዉት፣ ቀጭን ካርፔት ግዙ

ሽምብጧ፦
እንጨት ነው ተመስገን። ነገ ገበያ እወጣለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ አሸንዳ ሊያስለካ ነው