ሦስት ወር ሙሉ ጣት የምታክል ዓሣ ብቻ! ምን ላድርግ?

የሚጣ አባት (ሐዋሳ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዓሣ በመንጠቆ ማጥመድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። እስካሁን 23 ዓሣ ይዘናል። ሁሉንም ሚጣ ደብተሯ ላይ መዝግባቸዋለች። የምትለካው በትምህርት ቤት ማስመሪያዋ ነው። ትልቁ 9 ሴንቲ ሜትር ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ክሩ ላይ ያሰርኩት ተንሳፋፊ ቡሽ ድንገት ስምጥ አለ። ዘንጉ ጎበጠ። እኔ ስጮህ አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ሁሉ ተሰበሰቡ፤ አንዱ ሞባይሉን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ታግዬ ታግዬ ስስበው ክንድ የሚያህል የፊላ ሥር ከነጭቃው ወጣ። ሰው ሁሉ ሊበተን ሲል ሚጣ ጎንበስ ብላ አየችና "አባዬ፣ አለች እኮ!" አለችኝ። እውነትም ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ቆሮሶ (ቲላፒያ) መንጠቆው ላይ ተንጠልጥላለች። መንጠቆው የጭንቅላቷን ግማሽ ያክላል። የያዛትም ከከንፈሯ ውጪ ነው። የቆመው ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ከዚያ ወደ ውሃው መለስናት።

የምጠቀመው የቀርከሃ ዘንግ፣ 4 ሜትር የናይሎን ክር፣ የወይን ጠርሙስ ቡሽና ቁጥር 4 መንጠቆ ነው። ክሩን በሚያሰምጠው የእርሳስ ክብደት ፋንታ የብሎን ዳዶ አስሬበታለሁ። መንጠቆው ላይ ትል አደርጋለሁ። የምጥለው ፊላው መሃል ነው፤ ውሃው ጉልበት አይደርስም። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ነው።

ጥያቄዬ፦ ትልልቆቹ የት ነው ያሉት? ችግሩ መንጠቆው ነው ወይስ ቦታው? ትንንሾቹን ሳልጎዳ እንዴት ነው የምለቃቸው? የሚጣም ጥያቄ አለ፦ "እነዚህ ሕፃናት ናቸው ወይስ ሲያድጉም እንዲህ ናቸው?"

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ወንድሜ፣ የፊላው ሥር ጋ ስደርስ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ እዚሁ ሐይቅ ላይ የሰው ጫማ አውጥቻለሁ፤ ጫማው ውስጥ ዓሣ ነበረች!

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ዋናው ነገር ቦታው ነው። ፊላው መሃል ያለው ውሃ የዓሣ መዋዕለ ሕፃናት በለው። የቆሮሶ ጫጩት የሚያድገው እዚያ ነው። ውሃው ይሞቃል፣ ምግብ አለ፣ አምባዛም እንደልቡ ገብቶ አያሳድዳቸውም። እዚያ 23 ጊዜ ጥለህ 23 ሕፃን ብታወጣ አይገርምም። ትልቁ ቆሮሶ ከፊላው ወጣ ብሎ፣ ውሃው ጠቆር ከሚልበት ነው ያለው። ያንተ 4 ሜትር ክር እዚያ አይደርስም። ወይ ክርህን አርዝም፣ ወይ ውሃው ከዳር ቶሎ የሚጠልቅበትን ቦታ ፈልግ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ያሉበት አሞራ ገደል ወርደህ ጠዋት መረብ የሚያራግፉትን ልጆች ጠይቃቸው። ከእነሱ በላይ ሐይቁን የሚያውቅ የለም፤ ደግሞ ከልጅህ ጋር ሲያዩህ ደስ ብሏቸው ነው የሚነግሩህ።

መንጠቆውም ትልቅ ነው። ቆሮሶ ትልቁም ቢሆን አፉ ጠባብ ነው። ያቺ ትንሿ ከከንፈሯ ውጪ የተያዘችው ትሏን ስትለቅም ነው እንጂ መንጠቆውን አልጎረሰችውም። ቁጥር 10 ግዛ። ልብ በል፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል።

ትሉንም ለጊዜው ተወው፤ ጫጩቶቹ ተሻምተው ይጨርሱታል። የዳቦ ልብ በትንሽ ውሃ አሽተህ ሽምብራ የምታክል አድርገህ መንጠቆውን ሙሉ በሙሉ ሸፍንበት። ትልቅ ቆሮሶ ይወደዋል።

ቡሹ ላይ ደግሞ እባክህ ቢላ አንሳ። ሙሉ የጠርሙስ ቡሽ ለቆሮሶ ከባድ ነው። ጎተት ሲያደርገው ክብደቱ ይሰማውና ይተፋዋል። አራት ቦታ ሰንጥቀህ አንዷን ሩብ ብቻ ተጠቀም። ዳዶውን ፍታና ቡሿን ቀጥ አድርጋ የምታቆም ትንሽ እርሳስ እሰር። ጥልቀቱን ለመለካት ግን ዳዶው ይጠቅምሃል። ክሩ ጫፍ ላይ አስረህ ጣለው። ቡሹ ከሰመጠ ውሃው ካሰብከው በላይ ጥልቅ ነውና ቡሹን ወደ ዘንጉ አስጠጋው። ቡሹ በጎኑ ከተኛ ወደ መንጠቆው መልሰው። መንጠቆው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ሲል ትክክል ነው።

ሰዓቱን ብታስቀድም ጥሩ ነው፤ ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ግን ከልጅ ጋር ስለሆንክ ሰው ያለበት ገላጣ ቦታ ሁን። ሐይቃችን ጉማሬ አለው። ማለዳና ማታ ፊላ ውስጥ አትግቡ።

አርባ ምንጬው፦

እኛ ጋ ጫሞ ሐይቅ ላይ ናይል ፔርች የሚባለው ዓሣ ከሰው ክብደት በላይ ይሆናል። እኔና ጓደኛዬ አንድ ቀን ጀልባ ላይ ወፍራም ክርና የእጅ መዳፍ የሚያክል መንጠቆ ይዘን ስድስት ሰዓት ጠበቅን። መጨረሻ ላይ የያዝነው ናይል ፔርች ከመንጠቆው በሁለት ጣት ብቻ ነበር የሚረዝመው። ያም ሆኖ ናይል ፔርች ነው፤ ፎቶ ተነስተን ለቀቅነው። በእኛ በኩል ከመጣህ ከልጅህ ጋር ዳር ላይ እንዳትቆም። አዞው ብዙ ነው።

እትዬ (ድሮ የዓሣ ነጋዴ)፦

የሚጣ አባት፣ ልጄ፣ ለሚጣ አንድ ነገር ንገርልኝ። እናት ቆሮሶ እንቁላሏን የምትይዘው አፏ ውስጥ ነው። ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቿ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እንቁላል ይዛ እያለች ደግሞ አትበላም። ብዙ ዘመን ዓሣ ስሸጥ ኖሬ እኔ ራሴ ይህን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። በሕይወት ያለች ቆሮሶ ከመረብ አውጥቼ ባልዲ ውስጥ ሳስቀምጣት ከአፏ ትንንሽ ነገር እንደ ተልባ ፍሬ መፍሰስ ጀመረ። ጎንበስ ብዬ ሳይ እያንዳንዱ ሁለት ዓይን አለው። ባልዲውን እንዳለ ተሸክሜ ሐይቁ ውስጥ ደፋሁት። ባለቤቴ "የዛሬው ገበያ ነበር እኮ" አለኝ። አልቆጨኝም።

እና ልጄ፣ ትልቅ ስትይዝ መጀመሪያ አፏን እያት። አደራ።

ጣናው፦

የሚጣን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ሁለቱም ነው። እኛ ጋ ጣና ላይ ሙሉ ዕድሜያቸው ላይ ደርሰው እንኳ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማያልፉ ዓሦች አሉ። የእነዚያው ዘመድ የሆኑት ትልልቆቹ ግን በክንድ ነው የሚለኩት። ሐዋሳም ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር የማታልፍ፣ ዓይኗ የምታበራ ትንሽ ዓሣ አለች። የቆሮሶ ጫጩት ከሆነ ጎኑ ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጥቁር መስመሮች፣ የጀርባ ክንፉ ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ነጥብ ታያላችሁ። ሚጣ ከርዝመቱ ጎን ይህንንም ትመዝግብ። ደብተሯ ቁም ነገር ነው።

በእኛ በኩል የምትመጡ ሁሉ፦ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ወንዞቹ ሐይቁን የሚቀላቀሉበት ቦታ ላይ አታጥምዱ። ከትልልቆቹ ብዙዎቹ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራና ርብ ወንዝ የሚወጡት ያን ጊዜ ነው። አንዷን ስትይዝ ሺህ ጫጩት ነው የምታጠፋው። አገሪቱ በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን ያወጣችው ዓሣው እንዳያልቅ ነው። ግን አዋጁን ውሃው ዳር የሚያስከብረው ዘንግ የያዘው ሰው ነው።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦

እዚህ ከትንንሾቹ ዓሦች አንዱ ብሉጊል ይባላል። በርክ ሐይቅ ላይ አንድ ቀን አንዲት ብሉጊል አራት ጊዜ ያዝኳት። ጅራቷ ላይ የተቀደደች ቦታ ስላለች ነው ያወቅኳት። አራተኛው ላይ ልጆቼ "ይበቃታል፣ ጠግባለች" ብለው ዘንጌን ነጠቁኝ።

ስለ መልቀቅ ልንገርህ። መንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረች እሾህ አለች አይደል? በፒንሳ ጨፍልቃት። መንጠቆው ያለ ትግል ይወጣል። ዓሣውን ከመንካትህ በፊት እጅህን አርጥብ። ላዩ ላይ ያለው የሚያዳልጥ ነገር ከበሽታ ይጠብቀዋል፤ ደረቅ እጅ ይገፈዋል። ከተቻለ ውሃው ውስጥ እንዳለ ፍታው። መንጠቆውን ከዋጠው አትጎትት፤ ክሩን አፉ ጋ ቆርጠህ ልቀቀው። ማስመሪያውንም ውሃ አስነኩት።

እዚህ ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ 16 ዓመት የሞላው ሰው ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት አትርሱ።

የሚጣ አባት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የባልዲውን ታሪክ ለሚጣ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቢሾፍቱ አንድ ዘመዴ ግቢው ውስጥ የዓሣ ኩሬ አለው። እዚያም ሁሉም ትንንሽ ናቸው፤ ግን እንቁላል አላቸው ይላል። እንዴት ነው?

የኩሬ ሰው፦

ተጨናንቀው ነው። ቆሮሶ ጠባብ ቦታ ላይ ቶሎ ቶሎ ይዋለዳል። ምግቡ አይበቃም፤ ስለዚህ ሳያድግ ይወልዳል። ዘመድህ ከትንንሾቹ ብዙውን ያውጣ። ጥቂት አምባዛ ቢጨምርም ጫጩቱን ይቀንስለታል። ያወጣውን ግን ወደ ሐይቅ እንዳይለቅ።

የሚጣ አባት፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። አሞራ ገደል ያሉት ልጆች ቦታ አሳዩን። ቡሹን ሰንጥቄ፣ ቁጥር 10 መንጠቆና የዳቦ ልብ ይዘን በ1 ሰዓት ደረስን። የመጀመሪያዋ 6 ሴንቲ ሜትር ነበረች። ሚጣ እጇን አርጥባ ራሷ ለቀቀቻት። ከዚያ ወዲያ ዝም ሆነ። ቡሿ ትንሽ ነቅነቅ አለች፣ ቆመች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ጎን ሄደች። አልጮህኩም። ሚጣ ግን እጄን ጨምድዳ ይዛኛለች።

ቆሮሶ ነው። አፉን ከፍተን አየን፤ ባዶ ነው። ሚጣ ማስመሪያዋን ዘረጋች። 15 ላይ አለቀባት። ጣቷን ምልክት አድርጋ ማስመሪያውን አስቀጠለችና ደብተሯ ላይ "25ኛ፦ 22" ብላ ጻፈች። ከ25ቱ ሁሉ ይቺን ቁጥር ነው ሁለት ጊዜ ያሰመረችባት።

እትዬ፣ ለብለብ እንዴት ነው የሚሠራው?

እትዬ፦

እልል! ቆዳውን ገፈህ አጥንቱን ለይ። ሥጋውን በትንንሹ ክተፈው። ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያውን በዘይት ነካ ነካ አድርግና ዓሣውን ጨምር። ነጭ ሲሆን አውጣ፤ እሳት ላይ አታቆየው። ሎሚ ከላይ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሚጣ።